ከቅኔ ቤት እስከ ሁለተኛ ዲግሪ፦ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ወደ አዲስ ቅዳም የመጣበት መንገድ

በአዊ ብሔረሰብ ዞን፣ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዛሬ እዚህች ከተማ ውስጥ ወይም በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የሚያስተምር መምህር በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ለመያዝ ቢያስብ፣ ባሕር ዳር የሚርቀው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አባቱ በመምህርነት ሥራ ላይ በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለ ዲግሪ በአገሪቱ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። አያቱ ልጅ በነበረበት ዘመን ደግሞ ማየት ወይም መስማት የተሳነው ልጅ አስኳላ ይገባል ብሎ የሚያስብ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። በአያትና በልጅ ልጅ መካከል የሆነውን ከመነሻው ልተርከው።

መነሻው የጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስን በመሳሰሉ ደብሮች ትምህርቱ በቃል ይወርድ ነበር። የኔታ ቅኔውን ይነግራሉ፣ ተማሪው ሰምቶ ይቀበላል፣ ሌሊት ይቀጽላል፣ ጠዋት ያሰማል። መጽሐፍ ብርቅ ነበርና ዕውቀቱ የሚቀመጠው በሰው ልብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ማየት የተሳነው ልጅ እዚህ ቦታ ነበረው። ጓደኛው በትሩን ይዞ ይመራዋል፣ አብረው ቁራሽ ይለምናሉ፣ ማታ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው እኩል ይቀጽላሉ። ጆሮው የነቃ፣ ልቡ የያዘለት ከሆነ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ትርጓሜውን ዘልቆ እሱም በተራው ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። ፈንጣጣና የዓይን ማዝ የብዙ ሕፃናትን ብርሃን በሚወስዱበት አገር፣ ዓይኑ ለጠፋ ልጅ ቤተሰቡ ከልመና ሌላ የሚያየው ተስፋ ይህ ነበር። ዓይነ ስውር ሊቃውንት በጎጃምና በጎንደር ደብሮች ሲከበሩ የኖሩት በርኅራኄ ሳይሆን በዕውቀታቸው ነው። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ «አካል ጉዳተኛን ማስተማር ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው» የሚል አነጋገር ስሰማ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን የአብነት ትምህርት ቤቱን የአካቶ ትምህርት መጀመሪያ አድርጎ ማወደስም እውነቱን ያጎድላል። በሩ የተከፈተው በጆሮ በኩል ስለነበር፣ መስማት ለተሳነው ልጅ ያው በር ግንብ ነው። በቃል የሚሰጥ ትምህርት መስማት ለማይችል ምንም አያቀብልም። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅም ከብት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል፤ ያውም ከቤት እንዲወጣ ከተፈቀደለት። ልጅን ከጎረቤት ዓይን መሰወር፣ ጉዳቱን የቁጣ ወይም የእርግማን ምልክት አድርጎ ማየት፣ በዚያ ዘመን በየቤቱ ነበር። ዛሬም አልጠፋም።

በዚያው ዘመን ሌላው ዓለም ሌላ መንገድ ጀምሮ ነበር። ቫለንቲን አውይ ለዓይነ ስውራን ሕፃናት ፓሪስ ላይ ትምህርት ቤት ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1784 ነው። ከዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አንዱ የነበረው ሉዊ ብሬይል ስድስት ነጥቦችን መሠረት ያደረገውን ጽሕፈት ገና በ15 ዓመቱ ፈጠረ። ጉዳዩ ከትምህርት ቤት አልፎ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ኒውዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ፣ ኤልሳቤጥ ፋረል የምትባል መምህርትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1922 ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች የሚያስተምሩ መምህራንን ማኅበር መሠረቱ። ፋረል ዝናዋን ያገኘችው በኒውዮርክ የድሆች ሰፈር ክፍል ውስጥ በማስተማር ነበር። የሙያው ጥናት እዚያም የተወለደው ከክፍል ወጥቶ ነው፤ ክፍሉ ቀደመ፣ ዩኒቨርሲቲው ተከተለ።

በኢትዮጵያም ቅደም ተከተሉ ያው ሆነ። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በ1917 ዓ.ም. በወለጋ ደምቢ ዶሎ ለዓይነ ስውራን የሚሆን ትምህርት ቤት ከፈተ። በአገሪቱ ዘመናዊ የልዩ ትምህርት ታሪክ የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ተቋረጠ። ከነጻነት በኋላ በንጉሡ ዘመን የሰበታው መርሐ ዕውራን ተቋቋመ፤ ባኮ፣ ሻሸመኔና ወላይታ ኦቶናም በሚሲዮኖችና በአብያተ ክርስቲያናት ድጋፍ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ።

በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ውስጥ ትልቅ ሥራ ተሠራ፤ የግዕዝ ፊደል ወደ ጣት ጫፍ ወረደ። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ ጠቅልሎ ይጽፋል፤ ብሬይል ደግሞ ያለው ስድስት ነጥብ ብቻ ነው፤ ከእነሱም የሚወጣው ከ64 የማይበልጥ ቅርጽ ነው። ከ200 በላይ የሆነውን ፊደል በዚያ ማስተናገድ ስለማይቻል ተነባቢውና አናባቢው ተነጣጥለው፣ ተከታትለው እንዲጻፉ ተደረገ። ዓይናማ ልጅ «መ»ን፣ «ሙ»ን፣ «ሚ»ን ሲቆጥር፣ በብሬይል የሚማረው ልጅ ድምፁን ከፋፍሎ ያውቀዋል። ስሌትና ስታይለስ ይዞ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ፣ ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ እየዳሰሰ ያነባል። መጽሐፉ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ዓይናማው በደብተር ከረጢት የሚይዘው አንድ መማሪያ በብሬይል ብዙ ቅጽ ይሆናል።

ትምህርት ቤቶቹ አዳሪ ነበሩ። ይህም በረከትም ጉዳትም አለው። ልጁ ይበላል፣ ይለብሳል፣ ይማራል። ግን ከቋንቋው፣ ከዘመዱና ከቀዬው ይርቃል። ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ በመሃል፣ በምዕራብና በደቡብ ነበሩ፤ ከአገው ምድር፣ ከዛሬው አዊ፣ የሚነሳ ልጅ ሰበታ ለመድረስ አባይን መሻገር ነበረበት። የተሻገረውም ተመልሶ አባቱ ደጅ የመኖር ዕድሉ አነስተኛ ነበር፤ የተማረ ዓይነ ስውር ሥራ የሚያገኘው አዲስ አበባ ነበርና። በዚህም የተነሳ የገጠር ሰው ማየት የተሳነው ሰው ተምሮ ሲሠራ በዓይኑ ሳያይ ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ።

ዩኒቨርሲቲው በዚህ ጊዜ የት ነበር? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ወጥተው፣ ከዓይናማ ጋር ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው፣ ማትሪክ አልፈው ስድስት ኪሎ የገቡ ዓይነ ስውራን ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ አድርጎ ተቀበላቸው እንጂ ጥያቄአቸውን የጥናት ጉዳይ አላደረገውም። መጽሐፉን የሚያነብላቸው በጎ ፈቃደኛ ጓደኛ ነው፣ ማስታወሻቸው መቅረጸ ድምፅ ነው፣ ፈተናቸውን የሚጽፍላቸው ሌላ ሰው ነው። ይህ ልማድ በስድስት ኪሎ ግቢ ለብዙ ትውልድ የቆየ ነው፤ ከጥላ ሥር ተቀምጦ ለጓደኛው ሲያነብ የኖረው ተማሪ ሁሉ ሳይሾም የልዩ ፍላጎት መምህር ነበር ማለት ይቻላል።

ዩኒቨርሲቲው ያልጠየቀውን ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ጠየቁ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960 ተመሠረተ። መስማት የተሳናቸውም በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ላይ ለእነሱ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ የመካኒሳው በ1956 ዓ.ም.፣ የአልፋው በ1959 ዓ.ም.። የአብነት ትምህርት ቤቱ በር ግንብ የሆነበት ልጅ በመጨረሻ የራሱን ክፍል አገኘ። የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ይዘውት የመጡት ምልክት ከአገሬው መስማት የተሳናቸው ሰዎች ምልክት ጋር ተዋሕዶ የዛሬው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አደገ፤ ለአማርኛ ፊደላትም የጣት ፊደል ተዘጋጀላቸው። በአንድ እጅ ቅርጽ ተነባቢው፣ በእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ አናባቢው ይለያል። በብሬይል የተከፋፈለው ፊደል በጣት ተመልሶ ተገናኘ።

በደርግ ዘመን በ1971 ዓ.ም. የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብን ወደ ገጠር ቀበሌ አወረደ። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ አዊኛ ግን ከእነሱ መካከል አልነበረም። በእነዚያው ዓመታት በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ቅጥር ውስጥ ለመስማት የተሳናቸውና ለአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ልዩ ክፍሎች መከፈት ጀመሩ። በ1973 ዓ.ም. የሆሳዕናው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። ልጆቹን የሚያስተምሩት መምህራን ግን የሙያው ሥልጠና የሚያገኙበት ተቋም በአገር ውስጥ አልነበራቸውም። የሚማሩት እርስ በርስ፣ ከሚሲዮኖችና ከልጆቹ ከራሳቸው ነበር።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጀመሪያውን ጠንካራ እርምጃ ያመጣው ከፊንላንድ ጋር የተደረገው ትብብር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፊንላንድ መንግሥት ለኢትዮጵያ ልዩ ትምህርት ድጋፍ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰበታ ላይ የልዩ ትምህርት መምህራን ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ሥልጠናው አጭር ነበር፤ በየክልሉ ያሉ መምህራን ለጥቂት ወራት መጥተው ብሬይል፣ ምልክት ቋንቋና የማስተማር ዘዴ ተምረው ይመለሳሉ። ሥልጠናው የተሰጠው አንጋፋው መርሐ ዕውራን ባለበት ከተማ መሆኑ ተገቢ ነበር፤ ሠልጣኙ ያነበበውን በዚያው ቀን ልጆች ላይ ያየዋልና።

በዚያው ሰሞን የፖሊሲው በርም ተከፈተ። በ1986 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ዜጎች ልዩ ትምህርትና ሥልጠና እንደሚሰጥ፣ የዘርፉ መምህራንም በመደበኛው የመምህራን ሥልጠና ውስጥ እንደሚዘጋጁ ደነገገ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በሰኔ፣ የ92 መንግሥታት ተወካዮች በስፔን ሳላማንካ ተሰብስበው እያንዳንዱ ልጅ በሰፈሩ መደበኛ ትምህርት ቤት መማር አለበት የሚለውን መግለጫ አወጡ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና ድጋፍ እንዲመድብ አስቀመጠ። የሳላማንካ ሐሳብ ለአዲስ ቅዳም ከሰበታው ሐሳብ የበለጠ ትርጉም ነበረው። ሰበታ ልጁን ወደ ትምህርት ቤቱ ይወስዳል፤ ሳላማንካ ትምህርቱን ወደ ልጁ ቀበሌ እንዲመጣ ያዛል። በዚህ ጊዜ አካባቢ አዊኛ በዞኑ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ገባ። የአገው ልጅ በእናቱ ቋንቋ ፊደል መቁጠር የቻለውና የአካል ጉዳተኛው ልጅ መብት በወረቀት ላይ የሰፈረው በአንድ ዘመን ነው።

ጥያቄው «ስንት ልጆች ናቸው?» ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ምርምር ተቋም፣ ፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራ በመሩት ጥናት፣ የአካል ጉዳተኞችን ሁኔታ መሠረታዊ ዳሰሳ አደረገ፤ ውጤቱ ከሕዝቡ 3 በመቶ የሚጠጋ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1994 የሕዝብ ቆጠራ ከ2 በመቶ በታች ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2007ቱ ቆጠራ ደግሞ ወደ 1 በመቶ ዝቅ አደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሪፖርት ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ የሚል ቁጥር ሰጠ። አንድ ሕዝብ በ1 እና በ17 መካከል የሚዋልለው ጥያቄው ስለሚለያይ ነው። ቆጣሪው በር ላይ ቆሞ «አካል ጉዳተኛ አለ?» ካለ እናት «የለም» ትላለች፤ «በሩቅ ለማየት የሚቸገር፣ ሲጠሩት ቶሎ የማይሰማ፣ ሲራመድ የሚያነክስ አለ?» ከተባለ ግን መልሱ ይለወጣል። ቁጥሩ በተሳሳተበት አገር በጀትም፣ መምህርም፣ መጽሐፍም ይሳሳታል። የዩኒቨርሲቲ ጥናት ለዚህ ሙያ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ ርኅራኄ የነበራቸው ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ፤ ትክክል መጠየቅ የሚያውቁ ግን መሠልጠን ነበረባቸው።

እንዲህ እያለ ትምህርቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ። አስቀድመው የተወሰኑ ኢትዮጵያውያን ወደ ፊንላንድና ወደ ኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሄደው በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ። እነሱ ሲመለሱ፣ ከእነዚሁ የሰሜን አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በተደረገ ትብብር፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ ቀጥሎም ሁለተኛ ዲግሪውን በልዩ ፍላጎት ትምህርት መስጠት ጀመረ። ዶክትሬቱ በኋላ ተጨመረ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የፕሮፌሰር ጥሩሰው ስም ደጋግሞ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት፣ የአካል ጉዳትን ሁኔታ በኢትዮጵያ የሚመረምረው መጽሐፍ የዘርፉ ተማሪ ሁሉ የሚያገላብጠው ሆነ፤ ከዓመታት በኋላም አገር አቀፉን የትምህርት ፍኖተ ካርታ ያዘጋጀውን ቡድን መርተዋል።

የሁለተኛ ዲግሪው ትምህርት ምን ነበር? ተማሪው መጀመሪያ ኮርሱን ይወስዳል፤ የልጆችን ችግር መለየትና መመዘን፣ ብሬይልና ምልክት ቋንቋ፣ የባሕርይ ድጋፍ፣ የአካቶ ትምህርት፣ የምርምር ዘዴ። ከዚያ አማካሪ ይመደብለትና መመረቂያ ጽሑፉን ይጀምራል፤ ወደ ትምህርት ቤት ወርዶ መምህራንን፣ ወላጆችን፣ ልጆችን ያነጋግራል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ ከወረቀት የሚወጣው። ለመመዘኛ የሚያገለግሉት ፈተናዎች በብዛት ባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ የተሠሩ ናቸው። በአዊኛ አፉን የፈታ ልጅ በአማርኛ በተተረጎመ፣ መነሻው እንግሊዝኛ በሆነ መጠይቅ ቢመዘን፣ ያልገባው ቋንቋው ይሁን ትምህርቱ መለየት አይቻልም። የቋንቋ ክፍተትን የአእምሮ ውስንነት ብሎ መዝግቦ ልጁን ማግለል ይመጣል። ስለዚህ በዚህ ሙያ የሚመረቅ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው መጠራጠርን ማወቅ ነው፤ የልጁን መልስ ከመጠራጠሩ በፊት የራሱን ጥያቄ መጠራጠር።

ዩኒቨርሲቲው ገና በሚደራጅበት ጊዜ ሌሎች አልጠበቁም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስላጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ኦቲዝም የሚለው ቃል በአገሪቱ እንዲታወቅ ካደረጉት ቀዳሚዋ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። ወይዘሮ ዘሚ የዘርፉ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ዲግሪ ያላቸው ብዙዎች ግን ከእሳቸው ማዕከል ተምረዋል።

የትነበርሽ ንጉሤንም እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል። በወሎ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው ይህች ልጅ በሻሸመኔው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ በአዲስ አበባ ከዓይናማ ተማሪዎች ጋር ተማረች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የመጀመሪያ፣ በሶሻል ወርክ ሁለተኛ ዲግሪ አገኘች። የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኝነትና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። በተወለደችበት ገጠር ብትቀር ኖሮ በልጅነቷ ልትዳር ትችል እንደነበር፣ ዓይኗን ማጣቷ ለትምህርት ዕድሏ እንደሆነላት በይፋ ተናግራለች። ይህ አባባል ለሚሰማው ሁሉ ከባድ ነው። ዓይናማ እኅቶቿ ያላገኙትን ዕድል እሷ ለማግኘት ከቀዬዋ መውጣት ነበረባት ማለት ነው።

ሕጉ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ተከታትሎ ወጣ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዘዘው አዋጅ ቁጥር 624/2001፣ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢያቸውንና ትምህርታቸውን እንዲያመቻቹ የጠየቀው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001፣ ዓለም አቀፉን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 676/2002። ትምህርት ሚኒስቴርም በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂውን አወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. ከልሶ አካቶ ትምህርትን ዋና መንገዱ አደረገ። ሐሳቡ በየጉድኝቱ አንድ ትምህርት ቤት የድጋፍ መስጫ ማዕከል እንዲሆን ነው፤ ብሬይል ወረቀት፣ የማዳመጫ መሣሪያ፣ የሠለጠነ መምህር ይኖረዋል፤ ተንቀሳቃሽ መምህሩ ከዚያ ተነስቶ በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች ይጎበኛል። ለፋግታ ለኮማ ዓይነት ወረዳ፣ ሰዎች ተራራማ በሆነ አገር ተበታትነው ለሚኖሩበት፣ ከዚህ የተሻለ ዕቅድ አላየሁም። ዕቅዱ የሚቆመው ግን በተንቀሳቃሹ መምህር እግር ነው።

በአማራ ክልል ጎንደር ቀደመ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ የተባለውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ጀመረ፤ ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ የተደበቁ ልጆችን ይፈልጋሉ፣ ለወላጅ ያስተምራሉ። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ የሚካሄደው መርሐ ግብር አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ለዲግሪና ለሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል። በ1965 ዓ.ም. የፔዳጎጂ አካዳሚ ሆኖ የተጀመረው የባሕር ዳር ተቋም በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የመምህራን ሥልጠናውን ይዞ አደገ፤ ልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርትም በዚያ እስከ ሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ሆነ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ተቀበለ፤ አዊ የራሱን ዩኒቨርሲቲ አገኘ። አዲሱ የጋራ ሥርዓተ ትምህርት በወጣ ጊዜም አካቶነት የሚባል ኮርስ የየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሚወስዳቸው አንዱ ሆነ። ኢንጂነር ይሁን ሐኪም፣ የእንጅባራ ተማሪ ሁሉ ስለ አካል ጉዳተኛ ተማሪ አንድ ሴሚስተር ይማራል።

በጎን የሄደ ሌላ ታሪክም አለ፤ የዓይን ጤና። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዓይነ ስውርነት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ እንደሆነ፣ ግማሹ ያህል በሞራ፣ ከአሥር እጅ አንድ እጅ በላይ ደግሞ በትራኮማ የመጣ መሆኑን አሳየ። የአማራ ክልል የትራኮማ ጫና እጅግ ከበዛባቸው አንዱ ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ ከካርተር ማዕከልና ከላየንስ ክለብ ጋር በምዕራብ አማራ በዘመቻ መድኃኒት ማደል ጀመረ፤ አዊም በዚያ ውስጥ ነበረች። ልጅን ከዓይነ ስውርነት መጠበቅና ዓይነ ስውሩን ልጅ ማስተማር ሁለት መሥሪያ ቤት የያዛቸው ሥራዎች ናቸው፤ በአንዲት እናት ደጅ ላይ ግን አንድ ጉዳይ ናቸው። ዓይን የሚመረምረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያገኘውን ልጅ ስም ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር የማይነግርበት ምክንያት የለም።

ያለፉት ዓመታት ከባድ ሆነዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሆነ፤ ሬዲዮው ለማይሰማው፣ ቴሌቪዥኑ ለማያየው አልደረሰም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፣ መምህራንን በትኗል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀረው፣ ሲከፈትም ከሁሉ ዘግይቶ የሚመለሰው አካል ጉዳተኛው ልጅ ነው። ግጭቱ ራሱም አዳዲስ አካል ጉዳተኞችን እየጨመረ ነው።

የመቶ ዓመቱን መንገድ ወደ ኋላ ሳየው ትምህርቱ ከፍ ባለ ቁጥር ከልጁ የመራቅ ጠባይ አለው። የቅኔ ቤቱ ጓደኛ በትር ይዞ ነበር፤ የሰበታው ሠልጣኝ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሁለተኛ ዲግሪ የያዘውን ግን አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህርነት፣ ቢሮዎችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ለባለሙያነት ይሻሙታል። ይህን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ አሠልጣኝ ሳይኖር ሠልጣኝ አይኖርም። ሆኖም መመረቂያ ጽሑፉ የተጠናው በገጠር ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ውጤቱ ለዚያ ትምህርት ቤት መመለስ ዕዳ ነው። መምህሩ መጠይቅ ሞልቶ፣ እናቲቱ ቃለ ምልልስ ሰጥታ፣ ጥናቱ በእንግሊዝኛ ታትሞ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ቢቀር፣ ልጁ ከጥናቱ ያገኘው ነገር የለም።

ስለዚህ ለባሕር ዳርና ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ልመና አለኝ። በአዊ ዞን የሚሠራ እያንዳንዱ የልዩ ፍላጎት መመረቂያ ጽሑፍ አጭር የአማርኛና የአዊኛ ማጠቃለያ ይኑረው፤ ማጠቃለያውም ለተጠናው ትምህርት ቤትና ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይድረስ። ከአማካሪዎቹ ጋር አዊኛ የሚችል ሰው ይሰየም፤ የመመዘኛ መጠይቆችም ልጁ ቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ይዘጋጁ። በአዲስ ቅዳም፣ በእንጅባራና በዳንግላ የምትኖሩ ወላጆችና ጎረቤቶችም፣ የምዝገባው ወቅት ሲደርስ በግቢያችሁ ያለውን የማያየውን፣ የማይሰማውን፣ መናገር የዘገየበትን ልጅ ስም ለትምህርት ቤቱ አስመዝግቡ፤ ርእሰ መምህሩ «መምህር የለንም» ቢላችሁ እንኳ ስሙ መዝገብ ላይ እስኪሰፍር አትመለሱ።